ራስን ሙሉ በሙሉ ለእግዚአብሔር መስጠት፦ ከየት ይጀመራል?

«ሕይወቴን ሁሉ ለአንተ ሰጥቻለሁ» ብዬ በእንባ በጸለይኩበት ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያገላበጠኝ የቤት ኪራይ ነበር። «ሁሉን» ሰጥቼ ኪራዩን ግን ይዤው ተኝቻለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁን ነገር በስሙ ጥሩት። ደብተር አውጡና ጻፉ። «ኑሮዬን» ብቻ አትበሉ፤ «የልጄን የፈተና ውጤት»፣ «ከወንድሜ ጋር የተጣላሁበትን መሬት» በሉ። ለአንድ ቀን አንድ ነገር ይበቃል።

ቀጥሎ እንደ ጌታ በጌቴሴማኒ ጸልዩ። ብዙዎቻችን «ፈቃድህ ይሁን» ወደሚለው እንሮጣለን። እርሱ ግን አስቀድሞ የልቡን ተናገረ፦ «አባቴ፥ ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ»። ከዚያ በኋላ ነው «ነገር ግን አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው (ማቴ. 26፥39)። የምትፈልጉትን ሳትደብቁ ንገሩት፤ ካስፈለገም አልቅሱ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ጌታ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮታል። ትናንት በሰጣችሁት ነገር ዛሬ መልሳችሁ ብትጨነቁ እምነት የለኝም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። እንደገና ስጡት።

ከጸሎት ስትነሱ የምታውቁትን ታዘዙ። ራስን መስጠት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ሥራ የሚፈልግ ማመልከቻውን ያስገባል፤ ግን የሌለውን ልምድ አይጽፍበትም። የታመመ መድኃኒቱን እየወሰደ ይጸልያል። ይቅር ማለት ያለበት ስልኩን አንሥቶ ይደውላል። ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

ስልክ ስንዘጋ «እግዚአብሔር ካለ» እንባባላለን። ያዕቆብም «ጌታ ቢፈቅድ» እንድንል ይመክራል (ያዕ. 4፥15)። ጠዋት ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የቀኑን ዕቅድ አንድ በአንድ እየጠራችሁ ይህን ቃል ከልባችሁ በሉት። ዕቅዱ ሲፈርስ ቃሉን የምር ብላችሁት እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ብቻችሁን አትሁኑ። ለንስሐ አባታችሁ ወይም በእምነት ለበሰለ ወዳጃችሁ የያዛችሁትን ንገሩ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ «ለእግዚአብሔር ተገዛ» እያለ ለራሱ የሚያስገዛችሁን፣ ገንዘባችሁን የሚጠይቀውን ወይም ሐኪም ቤት እንዳትሄዱ የሚከለክላችሁን አትስሙ።

ያን ሌሊት ተነሥቼ «ኪራይ» ብዬ ጻፍኩ፣ ደብተሩ ፊት ተንበርክኬም ጸለይኩ። ገንዘቡ በማግስቱ አልመጣም። ለሳምንት ስሸሸው የነበረውን የአከራዬን በር ግን ጠዋት ሄጄ አንኳኳሁ፤ ያለብኝንም ሳልዋሽ ነገርኩት።