የመኪናህ ራዲያተር ውሃ እየጎደለ ካስቸገረህ
የጣርማበርን ዳገት ስትወጣ የሞተሩ ሙቀት ሽቅብ ካለ ወይ ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩ ጎድሎ ካገኘኸው የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትከፍት፣ ፊትህን ነው የሚልጥህ! ማታ ስታቆም ከስሩ ካርቶን አንጥፍ፣ ጠዋት የረጠበው ቦታ አቅጣጫ ይሰጥሃል፣ ውሃ ግን ብረት ተከትሎ ስለሚወርድ ምንጩ ትንሽ ፈቀቅ ሊል ይችላል። ከዛ ሞተሩን በጨርቅ አድርቀህ አስነሳውና በእጅ ባትሪ ከላይ ወደ ታች እየው፣ የማኒኮቶው (የውሃ ጎማው) ጫፍ ፋሼታው (ማሰሪያው) ጋ፣ የውሃ ፓምፑ ስር። ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲደርቅ ነጭ ወይ አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል፣ እሱን ተከተል። ክዳኑንም አትናቀው፣ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ንጹህ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ግፊት የማይይዝ ክዳን ብቻውን ውሃውን ያስጨርስሃል። ውጪው ደረቅ ሆኖ የዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካየህ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል አትንዳው፣ መካኒክ ጥራ።