ክረምት ሳይገባ የመኪናን ማሞቂያ እንዴት እናስፈትሽ?

«ጅማ ላይ ሂተር ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብርዱ እንደ ደብረ ብርሃን አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ሐምሌ ላይ ልብሳቸው የራሰ ሰዎች ጭናችሁ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ቦንጋ ስትወጡ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል። በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው በጨርቅ እየጠረጉ በጭጋግ ውስጥ መንዳት ደግሞ ሰው ያስጨርሳል። ለእኔ ማሞቂያ ከመጥረጊያው እኩል የደህንነት ዕቃ ነው። ግንቦት ላይ አስፈትሹት።

መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ሲግል በፍጹም አትንኩት። ውሃው ከጎደለ ሙሉ፤ የዛገ ቀለም ካለው ግን መሙላት አይበቃም፣ ታጥቦ ኩላንት (ዝገት የሚከላከለው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይግባበት። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ድንጋይ እየሠራ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችውን ትንሿን የማሞቂያ ራዲያተር ይደፍናታል። የማሞቂያው ሙቀት የሚመጣው በእሷ ውስጥ ከሚያልፈው የሞተር ውሃ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። የሙቀት ጌጁ መሃል አካባቢ ሲደርስ ከሞተሩ ጀርባ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡትን ሁለት ጎማ ቱቦዎች ፈልጉና፣ ከቬንቲላተሩና ከቺንጊያው ርቃችሁ፣ በጥንቃቄ ነካ አድርጓቸው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች ወይም የውሃ መዝጊያዋ አልተከፈተም። ሁለቱም ትኩስ ሆነው የሚነፋው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የአየር በር ነው።

ሁለቱም ለብ ካሉና ጌጁም ከታች አልነሳ ካለ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ ጠርጥሩ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ መካኒኮች «መኪናው እንዳይግል» ብለው አውጥተው ይጥሉታል። እኔ የገዛኋት አሮጌ መኪናም እንዲሁ ተደርጋ ነበር፤ ከሰኮሩ ወደ ጊቤ ቁልቁል ስወርድ ጌጁ ወደ ታች ይወድቅና ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋ ነበር። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ያግላል። «እናውጣው» የሚል መካኒክ ከገጠማችሁ የሚያግልበትን ምክንያት እንዲፈልግ ጠይቁት።

ያለው ቴርሞስታት መሥራቱን ለማወቅ አስፈትታችሁ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሉትና አሙቁ። ላዩ ላይ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር አለ፤ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ 88 የሚለው ፈልቶም ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል። መንቀሳቀስ ከጀመረና ሲቀዘቅዝ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ደህና ነው፣ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት።

የማሞቂያው ማራገቢያ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሬዚስተር ተቃጥሏል፤ ጭራሽ ዝም ካለ ከፊውዙ ጀምሩ። መኪናችሁ ዛፍ ሥር የምታድር ከሆነ ከመጥረጊያው ሥር የተከማቸውን ቅጠል አውጡ፣ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልትሮም እዩ።

መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ካለ፣ መስታወቱ ላይ ቅባት መሰል ነገር ከተለጠፈ ወይም ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከራሰ ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች። ዳሽቦርድ መፍታት ስለሚያደክም ብዙ ጋራዥ ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ይሸኛችኋል። መንገድ ላይ ለቀራችሁበት ቀን መፍትሔ ነው፤ ክረምቱን ግን ያለ ማሞቂያ ያሳልፋችኋል። ጊዜ ሰጥታችሁ አስቀይሯት።

ሲያልቅ ሰዎች ጭናችሁ የጅሬንን ዳገት ውጡ። መስኮት ዝጉ፣ አየሩን ወደ መስታወት አዙሩ፣ ከውጭ እንዲገባ አድርጉ። የውስጡን አየር የሚያዞረው ቁልፍ ከተከፈተ የሰዉ ትንፋሽ ተመልሶ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ኤሲ ካላችሁ ከማሞቂያው ጋር አብሩት፣ እርጥበቱን ይመጠዋል። በዚህ ሁሉ መስታወቱ ካልጠራ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ወደ ጋራዡ መልሷት።