ስኳር ላለበት ሰው የሆድ ምልክቶችን እንዴት መመዝገብ ይቻላል?

እናቴ ስኳር ከያዛት 16 ዓመት ሆኗታል። ሆዷን ሲያማት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጨጓራዬ ነው።» የጨጓራ መድኃኒት ይታዘዝላታል፤ አራት ኪሎ ካለ ፋርማሲ ገዝተን እንመለሳለን። ለዓመታት የቆየ ስኳር ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ሊጎዳና ምግብ ሳይወርድ ሊያቆይ እንደሚችል የገባን ደብተር ከያዝን በኋላ ነው።

ለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። የስልክ መተግበሪያ ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ እናቴ አታነበውም፣ ወረፋ በበዛበት ቀንም ሐኪም ስልክ የሚያገላብጥበት ጊዜ የለውም።

ከባዱ ሥራ «ጨጓራ» የሚለውን ቃል መበተን ነው። ደረት የሚያቃጥለው ቃር፣ ማቅለሽለሽ፣ መነፋት፣ ሁለት ጉርሻ ላይ መጥገብ፣ እኛ ጋ ሁሉም ጨጓራ ነው። ስለዚህ «ጨጓራሽ እንዴት ነው?» አልላትም። «እማዬ፣ እንጀራውን ጨረስሽው? ከበላሽ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት ከበደሽ? መቀነትሽን አላላሽው?» እላታለሁ።

ሐኪሞች ለዚሁ የሚጠቀሙበት መጠይቅ አለ። ያለፉትን 2 ሳምንታት 9 ምልክቶች ከ0 እስከ 5 ያስመዝናል፦ ማቅለሽለሽ፣ ሳይወጣ ወደ ላይ ማለት፣ ማስታወክ፣ ሆድ ሙሉ መሆን፣ ምግብ አለመጨረስ፣ ከበሉ በኋላ ከልክ ያለፈ ጥጋብ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መነፋት፣ ሆድ ገፍቶ መታየት። እናቴ ለሁሉም «ደህና ነው፣ ተመስገን» ስለምትል ቁጥሩን ከቤት ሥራዋ ጋር አያያዝነው። 3 ቡና ማፍላት ሲያስተዋት ነው፤ 5 ከአልጋ አላስነሳ ሲላት። እንዲህ እንደለካን ለሐኪሙም ነግረነዋል።

ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። የስኳር መለኪያው በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ነበር። ማታ 2 ሰዓት የተለካውን 58 (mg/dL)፣ መሣሪያው ላይ እንዳየሁት «8 ሰዓት» ብዬ ገለበጥኩት፤ ሐኪሙ የቀን 8 ሰዓት መሰለው። እናቴ እራት የበላችው 1 ሰዓት ላይ ነበር። በልታ ወዲያው ስኳሯ መውረዱ ትልቅ ፍንጭ ነበር፦ ኢንሱሊኑ ሥራ ጀምሯል፣ ምግቡ ግን ገና ጨጓራ ውስጥ ነው። ስህተቱ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ሦስት ወር ሙሉ አዘገየን። አሁን «ማታ 2»፣ «ቀን 8» ብዬ እጽፋለሁ። ከ70 በታች ካዩ መጀመሪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡ፣ ከዚያ ይጻፉ።

ሰገራም ይመዝገብ። የብሪስቶል ሠንጠረዥ በ7 ይከፍለዋል፤ 1 እንደ ፍየል በጠጥ የደረቀ፣ 7 ውኃ ነው። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ያመለጠ ነገር ካለ ያስምሩበት። እናቴ ይህን ለእኔ ለወንድ ልጇ መናገር አልቻለችም፤ የጠየቀቻት እህቴ ናት።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ራሱ ሊያስቀምጥና ሊነፋ ይችላል። የተጀመረበትንና መጠኑ የጨመረበትን ቀን ይጻፉ እንጂ በራስዎ አያቁሙት። አራዳ ጊዮርጊስ አስቀድሳ ዘግይታ የምትበላባቸውን ቀኖችና ሽሮና ባቄላ የሚበዛበትን ጾም ለይቼ ምልክት አደርጋለሁ።

14 ቀን ሲሞላ አንድ ገጽ ላይ አሳጥረው ይውሰዱ። ቁጥሩ ብቻውን በሽታውን አይለይም፤ ምግብ ከጨጓራ የሚወርድበትን ፍጥነት የሚለካ ምርመራ ስላለ ሐኪሙን ስለሱ ይጠይቁ። ውኃ እንኳ አልረጋ ካለ፣ ደም ከታየ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን 14 ቀን አይጠብቁ፤ ያንኑ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።