ጉንፋኑ ከለቀቀ በኋላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን አድክመው ይሄዳሉ። አልፎ አልፎ ግን ሳሉ ከቆመ በኋላ ጣጣው ነርቭ ላይ ይወጣል። ባሕር ዳር ላይ ለዚህ ሁሉ አንድ ስም አለን፦ ምች። ስሙ ከወጣለት በኋላ ሐኪም ማንም አይፈልግም።

እግር ሲከዳ «ድካም ነው» ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጉንፋኑ ከለቀቀ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ እግር ይደነዝዛል። ከዚያ ከባጃጅ ለመውረድ ጉልበት እምቢ ይላል። ቀጥሎ ወደ እጅ ይወጣል። ጊላን ባሬ የሚባለው ሕመም እንዲህ ነው፤ ቫይረሱን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ያጠቃል። ድካም ሲያርፉ ይሻላል፣ ይሄ ግን በየቀኑ ይብሳል። መተንፈሻ ጡንቻ ጋ ከደረሰ ማሽን ያስፈልጋል። ከጣና ማዶ ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት ያለ ሰው ትንፋሽ ካጠረው ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው ለገበያ ቀን ጀልባ አይጠብቅ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በቶሎ ይድረስ።

ጉንፋኑን ሳይናገሩ መቅረት። ሐኪሙ ጉልበት በመዶሻ መታ ሲያደርግ እግሩ ካልተፈናጠረ፣ «ሰሞኑን ታመው ነበር?» ማለቱ አይቀርም። «አይ፣ ጉንፋን ብቻ» አይበሉ። እሱ «ብቻ» ያሉት ነው የሚፈለገው።

ከመድኃኒት ቤት ቢ ኮምፕሌክስ የሚባለውን የቫይታሚን መርፌ እየተወጉ መሰንበት። ለጊላን ባሬ አይሆንም፣ ጊዜ ይበላል እንጂ።

ፊት ሲጣመም ዳማከሴ አሽቶ መቀመጥ። አንድ ዓይን አልከደን ካለ፣ ቡናው በከንፈር ጥግ ከፈሰሰ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ያኔ የሚጀመር የስቴሮይድ ክኒን ይረዳል። (የሚገርመው፣ ይኸው ክኒን ለጊላን ባሬ አይጠቅምም። ስለዚህ ከጎረቤት አይዋሱት።) ዓይኑ እንዳይደርቅ ጠብታ ያስፈልገዋል። እጅም አብሮ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላልና አንድ ሰዓትም አይባክን።

ትኩሳት ያለው ሰው መቃዠት ሲጀምር ጸበል ብቻ ማለት። አንጎል ተቆጥቶ ይሆናል። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፣ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል።

ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተት፣ ክብሪት ማሽተት። ሁለቱም ይቅሩ። በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ይዘው ይሩጡ። ጉንፋን ለያዘው ልጅ አስፕሪንም አይስጡ፤ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃዋል።