ግቢ የሚገባ ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩኒቨርሲቲ የተመደባችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለፍሬሽማን ተማሪዎች ነው። ታናሽ ወንድሙን ወይም እህቱን ግቢ የላከ ሰው ቢያነበውም ደስ ይለኛል።

ሃይስኩል ላይ ክላስ ብትቀሩ ወላጅ አምጡ ትባላላችሁ። ብሩን ምን አደረጋችሁት ብላ እናት ትጠይቃለች። ትንሽ ካመሸ ስልክ ይደወላል። ግቢ ውስጥ ግን ሳምንቱን ሙሉ ዶርም ብትተኙ "ምን ሆናችሁ?" የሚል የለም። ብዙ ጎበዝ ልጆች ሲወድቁ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ጠያቂ ሲጠፋ ራሳቸውን መጠየቅ አልለመዱም ነበር። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

የወሩን ብር በሁለት ሳምንት መጨረስ

ከቤት ይዛችሁ የምትወጡት ብር መጀመሪያ ላይ ብዙ ይመስላል። ከዚያ አንሶላ፣ ባልዲ፣ የሎከር ቁልፍ፣ ደብተር፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ ይገዛል። ይህ ግድ ነው። ብሩን የሚጨርሰው ግን ሌላ ነው። አዲስ ጓደኛ ተገኝቷል፣ ላውንጅ ይገባል፣ አንዱ "ዛሬ በእኔ ነው" ይላል፣ ነገ ደግሞ ተራው የእናንተ ይሆናል። ስድስት ሆናችሁ ገብታችሁ የስድስት ሰው ማኪያቶና ሳንቡሳ መክፈል ለአንድ ተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም። የለኝም ማለት ያሳፍራል። ይሉኝታ ከረሃብ በላይ ብር ይበላል።

የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ብሩን ለአራት ሳምንት ክፈሉት። የዚህን ሳምንት ብቻ ቴሌብር ላይ አድርጉ፣ ቀሪውን ባንክ ተዉት፣ የኤቲኤም ካርዱን ሎከር ውስጥ ቆልፉበት። ቤተሰብ በወር አንዴ ከሚልክ በየ15 ቀኑ ቢልክ ይሻላል፤ ራሳችሁ ጠይቁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ደግሞ ከመጀመሪያው "ሁሉም የራሱን ይክፈል" ተባባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከተባለ ማንንም አያስቀይምም። ሦስተኛው ወር ላይ ሲባል ነው ቅሬታ የሚያመጣው።

ብር ሲያልቅ በስልክ ወደሚገኝ ብድር መሮጥም ተለምዷል። ለአስቸኳይ ጉዳይ ጥሩ ነገር ነው። ለላውንጅ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ወር ብር ሳይመጣ እየበላችሁት ነው፤ አገልግሎት ክፍያውም በላዩ አለ።

ሳያስቡ ነን ካፌ መሆን

የግቢ ካፌ ምግብ ይሰለቻል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሽሮው ቀጭን ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ስለዚህ ብዙዎች ገና በመጀመሪያው ወር "ነን ካፌ ልሁን" ይላሉ። ነን ካፌ ማለት ምግቡን ትታችሁ ለምግብ የተመደበላችሁን ብር በእጃችሁ መቀበል ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው ለብዙ ዓመታት 15 ብር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ያም ሆኖ ከግቢ ውጭ በቀን ሦስቴ ለመብላት አይበቃም። ልዩነቱን የሚሸፍነው ቤተሰብ ነው። ቤተሰባችሁ ይችላል? በግልጽ ሳትነጋገሩ አትወስኑ።

ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ካፌ ተመገቡ ባይ ነኝ። የካፌ ምግብ የሚስተካከልበት መንገድም አለ። ሲኒየሮችን ብታዩ ቃሪያና ሽንኩርት ከትፈው በፌስታል ይዘው ይገባሉ። ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ኪሳቸው ውስጥ አለ። ሽሮው ላይ ጣል ሲያደርጉበት ሌላ ምግብ ይሆናል። ከቤት ስትመጡ ደግሞ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጩኮ ያዙ። እናት "ትንሽ ልጨምርልህ" ስትል እምቢ አትበሉ። ሌሊት ላይብረሪ ቆይታችሁ ስትመለሱ የምትመገቡት እሱን ነው፤ ዶርም ውስጥ ጓደኛ የሚያፈራውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ካፌውም ዶርሙም በነፃ አይደለም። በየዓመቱ የምትፈርሙት የወጪ መጋራት ውል አለ። ምግቡንና መኝታውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ 15 በመቶውን ስትመረቁ ትከፍላላችሁ። አብዛኛው ተማሪ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳያነብ ይፈርማል። አንብቡት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን ልትወስዱ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ቤቲንግን እንደ ገቢ ማየት

በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቤቲንግ (የኳስ ውርርድ) ስንቱን ልጅ ሲያበላሽ አይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዲኤስቲቪ ቤት አርሰናል ወይም ማንቼ እየተጫወተ ነው። ኳስ ማየቱ ደስ ይላል፣ ከድብርት ያወጣል። ከጎን ግን አንዱ የቆረጠውን ትኬት ያሳያል፦ አስር ጨዋታ፣ 50 ብር ተይዞ በሺዎች የሚቆጠር ብር የሚያመጣ። "ሁሉም ሹር ናቸው" ይላል።

እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ ጨዋታ እሱ ባለው መንገድ የማለቅ ዕድሉ 70 በመቶ ነው እንበል። ይህ ጥሩ ግምት ነው። አስሩም በአንድ ላይ የመሳካት ዕድላቸው ግን 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከ100 ትኬት 97 ያህሉ ይቃጠላል ማለት ነው። "በአንድ ጨዋታ ተበላሁ" የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የሚያሳዝነው ያቺ አንዷ የቀረበች ስለምትመስል ሌላ ትኬት ማስቆረጧ ነው። በዶርም ውስጥ አንድ ሰው ሲያሸንፍ ግቢው ሁሉ ይሰማል። የከሰሩት ዝም ይላሉ።

ጓደኛችሁ የካፌ ብሩን ወይም የቤት ብሩን እዚያ እየጨረሰ ከሆነ አትሳቁበት። ለብቻው አስቀምጣችሁ አነጋግሩት። አታበድሩት፣ ምግብ ግን አብሉት።

ጥናትን ለፋይናል ማስቀመጥ

ፋይናል ሲደርስ ሌሊቱን መቸከል (ሳይተኙ ማጥናት) የግቢ ባህል ሆኗል። ችግሩ በብዙ ኮርሶች ከመቶው ግማሽ ያህሉ ከፋይናል በፊት ማለቁ ነው፤ ኩዊዙ፣ ሚዱ፣ አሳይመንቱ ተደምሮ። አሳይመንት ላይ "ስሜን ጨምሩልኝ" ብሎ የሚያልፍ ልጅ ፋይናል ላይ ያው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ ሲመጣ ነው የሚነቃው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ደግሞ ቶሎ አይታከምም። 18 ክሬዲት ወስዳችሁ 2.20 አመጣችሁ እንበል። በቀጣዩ ሴሚስተር በዚያው ክሬዲት እንደ አንበሳ ታግላችሁ 3.60 ብትሠሩ እንኳ ድምሩ 2.90 ነው። ዲፓርትመንት ሲመረጥም ይህ ቁጥር ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሲኒየር የድሮ ፈተናና ሃንድአውት ለምኑ። በደስታ ይሰጣሉ፤ የሚጠይቃቸው ነው ያጡት። የዋና ኮርሶችን ኖት አትጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ለማለፍ 50 በመቶ ያስፈልጋል፣ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመቱን ደብተር ትፈልጉታላችሁ።

ሲከፋ ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ መሄድ

ሕመም ይመጣል፣ ቤት ውስጥ ሐዘን ይደርሳል፣ ጭንቀትም አለ። ብዙዎች ለማንም ሳይናገሩ አውቶቡስ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ስማቸው መዝገብ ላይ ስላለ ያልተፈተኑት ሁሉ ኤፍ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጥ) ቅጽ ሙሉ፣ የሐኪም ወረቀት ካለ አያይዙ፣ ኮፒውን ያዙ። አንድ ቀን ይፈጃል፤ ሲመለሱ ግን በሩ ክፍት ነው። ለመሙላት አቅም ካጣችሁ የዶርም ልጅ አብሯችሁ ይሂድ።

መዝናናትን ፑል ቤትና ላውንጅ ብቻ ማድረግ

ስድስት ኪሎ አራት ዓመት ተምረው ግቢው ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሳያዩ የሚመረቁ አሉ። ቤቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ነው ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። የንጉሡ መኝታ ክፍል ዛሬም እዚያው ይታያል። ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ሲሉ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ጎንደር የተመደበ ፋሲል ግንብን፣ ባሕር ዳር የተመደበ ጢስ ዓባይን፣ ጅማ የተመደበ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳያይ መመለስ የለበትም። ከዶርም ልጆች ጋር ታክሲ ተጋርታችሁ፣ ዳቦና ሙዝ ይዛችሁ ብትወጡ ወጪው ከአንድ ምሽት ላውንጅ አይበልጥም። ለእኔ ከግቢ ሕይወት ሁሉ የሚበልጠው እንዲህ ያለው ቅዳሜ ነው።

ትዝታን ለጂሲ ማቆየት

ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ስትሆኑ ወጪው ይግተለተላል፦ ቲሸርት፣ ሱፍ፣ ካላር ደይ፣ መጽሔት፣ እራት። ለአንድ ቀን ሱፍ ብላችሁ አትበደሩ፤ ተከራይታችሁ ብትለብሱ ፎቶው ላይ ልዩነቱ አይታይም። ባይሆን መጽሔቱን አትዝለሉት። ፎቶዎቹን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ ግቢ ውስጥ ስልክ ይጠፋል። ቴሌግራም ላይ የዶርም ግሩፕ ከፍታችሁ በየጊዜው እዚያ ጫኑ። የእያንዳንዱን የዶርም ልጅ የቤተሰብ ስልክም በወረቀት ያዙ፤ ሲም ካርድ ይቀየራል፣ የእናት ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው።