አጭር ልቦለድ ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ጅማ ቅዳሜ ከሰአት አጂፕ አካባቢ አንድ ጀበና ቡና ቤት በረንዳ ላይ እየተገናኘን የጻፍነውን እናነባለን፣ እና እውነት ለመናገር የብዙዎቻችን ስህተት አንድ አይነት ነው። አንድ ጓደኛችን ያመጣውን የታሪክ ድራፍት (ረቂቅ) ይዤ ላሳያችሁ፣ ፈቅዶልኛል። ታሪኩ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ሽማግሌ ከአጋሮ በኩል ሁለት ፈረሱላ ጀንፈል፣ ማለት ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይዘው ከገበሬ ቡና የሚገዛ ሰብሳቢ ጋ ይመጣሉ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 34 መሆን አለበት፣ ሚዛኑ ግን 31 አለ። ለአጭር ልቦለድ ይሄ ከበቂ በላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አጀማመር ላይ ነው። ሚዛኑ ጋ የደረስነው አራተኛው ገጽ ላይ ነው! ከዛ በፊት ፀሐይ ወጣች፣ ወፎች ተንጫጩ፣ ሰውዬው ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ከዛ ደግሞ አባታቸው ማሳውን እንዴት እንዳወረሷቸው። ደራሲው ይሄን ሁሉ ይወቀው፣ ማወቅም አለበት፣ አንባቢ ላይ ግን አይጫነው። ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ጀምር አልነው። ሽማግሌው አይናቸው ስለደከመ ቁጥሩን ማንበብ አይችሉም፣ "ስንት ይላል?" ብለው የሚጠይቁት ደግሞ የሰብሳቢውን ሰራተኛ ነው። አያችሁ፣ ግጭቱ እዛችው ጥያቄ ውስጥ ገባ፣ ምንም ማብራሪያ ሳያስፈልገው።

ሰው ማብዛትም አለ። አጎት፣ ጎረቤት፣ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ስም ሁሉ ተሰጥቷቸው አንዴ ታይተው ይጠፋሉ። ትምህርት ቤት "ነጠላ ውጤት" ብለው ያስተማሩን ለዚህ ነው፣ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ስሜት ካልሄደ ይቆረጥ።

ምልልስ ላይ ግን ቆም ልበል ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ታሪክ የሚሞተው እዚህ ነው። በድራፍቱ ሽማግሌው "ይህ ድርጊት ፍትሐዊነት የጎደለው ነው" ይላሉ። ማነው እንደዚህ የሚያወራው? ዜና ነው እንጂ ሰው አይደለም። ጮክ ብለን ስናነበው ጓደኛችን ራሱ አቆመና እንዲህ አደረገው፦

"ልጄ፣ ቤት ሲመዘን እኮ 34 ነበር።"

"አባ፣ ርጥብ ሆኖ ነው፣ መንገድ ላይ ደረቀ።"

ሰብሳቢው አልሰደባቸውም፣ እንደ ልጅ በትህትና ነው ያናገራቸው፣ ለዚህ ነው የሚያመው። የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ አፍ ላይ የሚደናቀፍ ነገር ካለ እሱ ነው መስተካከል ያለበት።

ስሜትን በስሙ መጥራት ሌላው ነው። "እጅግ አዘኑ፣ ልባቸው ተሰበረ" የሚለውን አስወጣነው። በሱ ፋንታ ባዶውን ጆንያ አራገፉት፣ አራት ቦታ አጠፉት፣ ብብታቸው ስር ከተቱት። አለቀ።

ከተማውን ጌጥ ማድረግም አይሰራም። ጅማ መሆኑ እንዲታወቅ ብለን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግስት ጣል እናደርጋለን፣ ታሪኩ ግን ቤተ መንግስቱ ያለበት ጅሬን ድርሽ አይልም። ከዛ ይልቅ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰው ሁሉ የተሰጣ ቡናውን ለመሸፈን ሲሮጥ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የሽማግሌው ድምፅ ሲዋጥ፣ ይሄ ጅማ ነው።

መጨረሻው ደሞ ከሁሉም አስቸገረን። በመጀመሪያው ድራፍት የሽማግሌው ልጅ ዳኛ ሆኖ ሰብሳቢውን ያስረዋል፣ በሁለተኛው ሁሉም ነገር ህልም ነበር። ሁለቱም ከደራሲው እንጂ ከታሪኩ አልመጡም፣ ሚዛኑ ጋ የተጀመረ ነገር ሚዛኑን ይዞ ነው ማለቅ ያለበት። ሁለት ቅዳሜ ተከራከርን። አሁን ሽማግሌው ማታ ቤት ይገባሉ፣ ሚስታቸው ቡና እየቀዱ "ስንት መዘነ?" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ጆንያውን ጥግ አስቀምጠው "ሠላሳ አራት" ይላሉ። ከዛ በኋላ የነበሩትን ሁለት አንቀጾች አወጣናቸው።