ቡና ላይ ሃይማኖት ለምትከራከሩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ የብሎካችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። እኔ ኦርቶዶክስ፣ ታናሽ እህቴ ጴንጤ። የሃይማኖት ክርክር በዕድርም በቤትም አይቀርልኝም። አዲስ ተከራካሪ በመጣ ቁጥር ያንኑ ጥፋት ሲደግም ማየት ስለታከተኝ ነው የምጽፈው። ግማሹን ራሴ አጥፍቼዋለሁ።

ለምሳሌ ሰውን ባልሰማው ነገር መክሰስ የእኔ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ «ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው» ብሎ ስለወሰነው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ስላልተቀበለችው የኬልቄዶን ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 451) ተማርኩና፣ የማገኘው ጴንጤ ሁሉ ጉባኤው የተቀበለውን የሮማውን ጳጳስ የልዮንን ደብዳቤ በኪሱ የያዘ መሰለኝ። አንድ ቀን ከቃሊቲ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎረቤቴን «እናንተ ኬልቄዶናውያን ክርስቶስን ለሁለት ከፍላችሁ» እያልኩ አፋጠጥኩት። በትሕትና ሰምቶኝ ሲያበቃ «እኛ እንኳን የመጣነው ከአየር ጤና ነው» አለኝ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ።

ክርክርን ጴንጤ ያመጣው የሚመስላቸው ደግሞ አሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ያከራከሯቸው ካራዎችና ጸጋዎች እኮ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ካራው «ለክርስቶስ ሁለት ልደት»፣ ጸጋው «ሦስት ልደት» እያለ ስንት ዘመን ተወጋገዙ።

በፍልሰታ ጾመኛን «ክርስቶስ ነፃ አውጥቶሃል» ብሎ ክትፎ መጋበዝ። ኧረ ተዉ።

«መናፍቅ»ም «ጣዖት አምላኪ»ም ያው ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ጆሮ የለም።

አንዲት ቁጥር ቆርጦ መምጣት፦ ሮሜ 8፥34። በ1954ቱ ትርጉም «ስለ እኛ የሚማልደው» የምትለዋን ቃል ይዞ ክርስቶስ ዛሬ ይማልዳል፣ አይማልድም ብሎ ያልተከራከረ ሰው እኛ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ስምንት ቁጥር ከፍ ብሎ፣ 26 ላይ፣ መንፈስ ራሱ «ይማልድልናል» ይላል። ከተከራካሪው ስንቱ አይቶታል? ከአንደኛውም ወገን ጠይቄ ያየ አላገኘሁም፤ እኔም ያየሁት ክርክር ካቆምኩ በኋላ ነው።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። ለቅሶ ቤት! እባካችሁ፣ ለቅሶ ቤት አትከራከሩ! የዕድሩን ድንኳን ተክለን፣ ወንበሩን ደርድረን፣ ንፍሮ እየዞረ ነበር። ሟች ኦርቶዶክስ፣ ልጃቸው ጴንጤ። ልጁ ውሃ ሲያድል አንዱ የዕድራችን ሰው፣ ያውም በዕድሜ የገፋ፣ «ፍትሐት ላይ ያልቆምከው ለእኛ ንቀት ነው ወይስ ለአባትህ?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ዝም ያላለው ጓደኛው ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ዕብራውያን 9፥27ን፣ አንድ ጊዜ መሞት ከዚያ በኋላም ፍርድ የምትለዋን፣ ጮክ ብሎ አነበበ። አዛውንቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ይሄ ሁሉ ሲሆን የሟች ሚስት ሁለት እርምጃ ርቀው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉና ወደ አንባቢው ዞሩ፤ «ልጄ፣ ታዲያ እሱ አሁን የት ነው ያለው?»

መልስ የሰጠ የለም። ያ ሁሉ ጥቅስ የሚያውቅ ሰው አንገቱን ደፋ። እኔም መዝገቤን ይዤ እንደ ደንቆሮ ቆሜ ነበር፤ ቀድሜ ሁለቱንም ከድንኳኑ ማስወጣት ሲገባኝ።

ሲሰለቻችሁ ደግሞ «በቃ ሁሉም አንድ ነው» አትበሉ። ሌሊት ተነሥቶ ኪዳን የሚያደርሰውንም፣ ቤተሰቡ አግልሎት ጸንቶ የቆመውንም ነው የምትሰድቡት። አንድ አይደለም። ልዩነቱ እንዳለ ይቀመጥ፤ ቡናው ግን ይፈላ።

እህቴ በጾም ስመጣባት ምንም ሳትል ሽሮዋን በዘይት ትሠራለች። እኔም ማዕዱን ባርካ እስክትጨርስ እጄን አልሰድም። ባለፈው እሑድ ቶና ላይ ደርሰን «ሮሜ ስምንትን ላንብብልህ?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን ወዴት እንደምትሄድ አውቄ እቀድማት ነበር።

«ከቁጥር አንድ ከጀመርሽ» አልኳት።

39ኙንም አነበበችው፤ በረካው እስኪቀዳ።